ጆሮ ዳባ ልበስ

መቶ ሃያ አምስት ነው የደረጃው ቁጥር፣
ከታች ካደባባዩ እስከ ላይኛው በር።
ሰኞ ቆጠርሁት፤ ማክሰኞም ቆጠርሁት፤
ረቡዕ ዝናብ ጣለ፣ አንድም አላጣሁት።
በዚህች በኮይምብራ፣ በወንዟ ከተማ፣
የሰው ፊት ሲቀያየር እንደ መስከረም ደመና፣
ደረጃው ብቻ ነው ቃሉ የሚጸና።

ማማው ጫፍ ያለችውን ያቺን አሮጌ ደወል
ተማሪው በሙሉ "ፍየሏ" ይላታል።
መጀመሪያ ቀን ላይ አንጋጥጬ አየሁ፤
ቀንድ የለ፣ ጢም የለ። ጋሽፓር ይስቃል።
ፍየል ወዲህ ማለት፣ ቅዝምዝም ወዲያ፣
እኔና የሰው ቃል ኑሯችን እንዲያ።

ጋሽፓር ጎረቤቴ፣ በሩ ከበሬ ትይዩ፣
"በፈለግህ ሰዓት አንኳኳ" ብሎኝ አለ።
አንኳኳሁ በንጋት፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፤
ባንድ ዓይኑ ተኝቶ ባንዱ እያየኝ ዋለለ።
ለካ "በፈለግህ" ውስጥ ሌላ ጽሑፍ አለ፣
ሰው ሁሉ የሚያነበው፣ ለኔ ግን
በነጭ ወረቀት ላይ በነጭ የተሳለ።

ጽሕፈት ቤት ቅጽ ሰጡኝ፤ "ኦቲዝም" የሚል ሳጥን ያለበት፤
ምልክት አደረግሁ፣ መስመሩን ሳልነካ፣ በቀጭን እርሳስ ስበት።
ለፈተና ሠላሳ ደቂቃ ጨመሩልኝ።
ለምሳ አዳራሹስ? ለሹካው፣ ለሳህኑ፣ ለመቶ አፍ ባንዴ፣
ማን ይጨምርልኛል ሩብ ሰዓት እንኳ አንዴ?

እሑድ እሑድ እናቴ ከቪዜው ትደውላለች።
"ልጄ፣ ጓደኛ አፈራህ?" ድምጿ እየፈራ።
ትምህርቴ ዕፅዋት ነው። በዚህ በጥቅምት ወር
ወይራው ነው ያፈራ፣ ሮማኑ ነው ያፈራ።
"እኔ ገና ቅጠል ነኝ" አልኋት።
ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ በአፍንጫዋ ተነፈሰች።
አልቅሳ እንደሆነ አላውቅም። ስልክ ፊት የለውም፤
ቢኖረውም አላነበው።

ከዚያ የጣሳው ቀን መጣ። አዲስ ተማሪ ሁሉ
ባዶ ጣሳ በገመድ እግሩ ላይ አስሮ፣
በድንጋይ ንጣፍ እየጎተተ ከተማውን ቁልቁል ይወርዳል።
ባህል ነው አሉኝ። አሰርሁ፤ አንድ፣ ትንሹን።
ሺህ ጣሳ ባንድ ድንጋይ። ሺህ ጉሮሮ ባንድ አፍ።
ደረጃው ላይ አርባ ሰባት ስል
ከአርባ ሰባት ቀጥሎ የሚመጣው ጠፋኝ።
ግድግዳ ሥር ተቀመጥሁ፣ ጭንቅላቴ በጉልበቶቼ መሐል።

አንዲት ልጅ መጣች፣ የሦስተኛ ዓመት። ኢሪያ መባሏን የሰማሁት በኋላ ነው።
"ምን ሆንህ?" አላለችም። ትከሻዬን አልነካችም።
ጥቁር ካባዋን አውልቃ (ክብደቱ ዝናብ የመታው በግ ያህላል)
አጠገቤ ድንጋዩ ላይ አኖረችው፤
ራሷ ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ተቀመጠች፣ ወደ ሌላ እያየች።
ወሰድሁት። ከራሴ እስከ ጉልበቴ ተከናነብሁ።

"ጆሮ ዳባ ልበስ" ይባላል እምቢ ላለ፣ አልሰማም ላለ ሰው።
እኔ ግን ጆሮዬን ዳባ ያለበስሁት ልሰማ ብዬ ነው።
የሱፍ ሽታ። ትንፋሼ።
ከዚያ፣ ከሩቅ፣
አርባ ስምንት።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሦስተኛው፣
የኔ ወንበር ላይ ሰው ተቀምጧል፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰ።
ቆምሁ። ሰባት ደቂቃ ቆምሁ። ጣሪያው አልፈረሰ።
አራተኛው ላይ ተቀመጥሁ። እዚህ ብርሃኑ በግራ ይመጣል፤ አልወደድሁትም።
ፍየሏ ልትጮህ አንድ ደቂቃ ሲቀራት
እንደ ወትሮው እጆቼን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።
ከጠረጴዛው ማዶ ጋሽፓር አየኝ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤
እሱም የራሱን ጆሮ በሁለት እጁ ያዘ።

ፌዝ ይሁን ወዳጅነት፣ አልገባኝም።
ነገ እጠይቀዋለሁ፣
ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ።